እንቆይ ሜዳና የኢየሩሳሌሙ የሚዳቋ ሸለቆ

ማን እንደ ጻፈው ያልታወቀ ነገር አይታመንም፤ ስለዚህ ከራሴ እጀምራለሁ። ፈንታሁን እባላለሁ። ከዳባት ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን ትልቁም ትንሹም አያ ፈንታ ይለኛል። ተማሪ ቤት አንድ ቀን አልተቀመጥሁም። ፊደል የለየሁት የስኳርና የሳሙና መጠቅለያ እያነበብሁ ነው። መሬት መለካት የተማርሁት ደግሞ አንድ ቀያሽ ገመድ እንድጎትትለት ቀጥሮኝ፣ እሱ ምሳ በልቶ ሲያንቀላፋ መዝገቡን እየገለጥሁ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ስህተቱን ያረምሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ የወሰን ሽማግሌ ሆኜ ኖሬያለሁ። እኔ የፈረድሁት ወሰን እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድም ቀን ፈርሶ አያውቅም።

የወሰንን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። በእኛ ዘንድ ወሰን ሲተከል ከድንጋዩ ሥር ከሰልና የሸክላ ገል ይቀበራል። ድንጋይ በሁለት ሰው ጉልበት ይሄዳል፤ ከሰል ግን አይበሰብስም፣ ከአፈር በታች ስላለም የሚገፋው የለም። ወሰን ተገፋ ሲባል ሽማግሌው ያስቆፍራል፤ ከሰሉ ባለበት ወሰኑ አለ።

የጉዞዬ ምክንያት እንቆይ ሜዳ ነው። ምንጭ ያለበት የጋራ ግጦሻችን ነው። ግማሹ ሰው ለቤት መሥሪያ ተከፋፍሎ ይሰጥ ይላል። ከወረዳ የመጡት ደግሞ የሕዝብ መናፈሻ ይሁን አሉ። እኔ ሁለቱንም ጠረጠርሁ። ቤት የሚሉት ቀድመው ሥፍራ የመረጡ ናቸው፤ መናፈሻ የሚሉት ደግሞ አጥር አጥረው ቁልፉን ኪሳቸው ሊከቱ ይችላሉ። ለኒቆዲሞስ እሑድ ስብሰባ ተቀጠረ። ሰው ሁሉ «አያ ፈንታ ያለው ይሁን» አለ። እኔም «የሰው አገር መናፈሻ ምን እንደሚመስል በዐይኔ ሳላይ አልናገርም» አልሁ።

ያን ሰሞን ተገኘ ከኢየሩሳሌም ደወለ። ተገኘ አብሮ አደጌ ነው። ቤተ እስራኤል ነው፤ የአባቱ ቤት ከእንቆይ ሜዳ ግርጌ ነበር። ከሄደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። «እንደ ተሳላሚ ና፤ እኔ ዘንድ ታርፋለህ። ከቤቴ ሥር መናፈሻ አለ፣ አሳይሃለሁ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱም ሽማግሌ በሆንሁ በመጀመሪያው ዓመት በአባቱና በሰፈራችን መካከል በተነሣው የወሰን ክርክር የፈረድሁት እኔ ነበርሁ። ከምንጩ አጠገብ ያለው ቁራሽ መሬት ከአባቱ ወጥቶ ወደ ሜዳው ገባ። ተገኘ ይህን ሁሉ ዓመት ስለዚያ አንድ ቃል አልተናገረም። እንዲህ ያለ ዝምታ ደግሞ ያስጠረጥራል።

የመጀመሪያው ቀን። ከጎንደር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ከሌሎች ተሳላሚዎች ጋር ወደ እስራኤል በረርን። ሻንጣዬ ውስጥ የጾም ስንቄ በሶ፣ አንድ ነጠላና የመለኪያ ገመዴ ነበሩ። በሶውን በሦስት ቋጠሮ አስሬዋለሁ፤ አራተኛ ቋጠሮ ቢገኝ ሌባ እንደ ነካው አውቃለሁ። ሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ገመዱን አወጡት። ጸጉሯን የተሠራች የእኛ መልክ ያላት ወጣት መጣችና በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ይሄ ገመድ ለምንድን ነው?»

«ለመለካት።»

«ምን ለመለካት?»

«አገራችሁን።»

ሳቀች እንጂ አለቃዋ አልሳቀም። አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ገመዱን በመሣሪያ ሁለት ጊዜ አሳለፉት፤ እኔም እንዳያሳጥሩት ዐይኔን አልነቀልሁም። ሲመልሱልኝ እዚያው ዘርግቼ ቋጠሮዎቹን ቈጠርሁ። ልጅቱ «ሙሉ ነው አባባ?» አለችኝ። ሙሉ ነበር።

ሁለተኛው ቀን። ያደርነው ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ባለው የእንግዳ ክፍል ነው። ጎዳናው ጠባብና ጸጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ዛፍ። ከበሩ በላይ አንበሳ ተቀርጿል። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ እኛዎቹ ክብ ነው፤ ጣራው ግን ሣር ወይም ቆርቆሮ ሳይሆን ጥቁር ጉልላት ነው። ድንጋዩን በመዳፌ ዳሰስሁት። ግንበኛው ከእኛ ግንበኛ አይበልጥም፤ ድንጋዩ ግን ይበልጣል።

ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ብፈልግ የለም። ጥቁር፣ ከጎንደር ያሠራሁት ነው። ባዶ እግሬን ደጃፉ ላይ ቆሜ አንድ የወሎ ተሳላሚ ያዝሁ፤ በእግሩ ያለው የእኔ ጫማ ነው። «አውልቅ!» አልሁት። ሰውዬው ደንግጦ ሊያወልቅ ሲል በር የሚጠብቁት እማሆይ መጡ።

«ምንድን ነው አባቴ?»

«ጫማዬን ወስዶብኝ ነው፣ እማሆይ።»

«የእርስዎ ጫማ በየትኛው በር ነው የቀረው?»

«በዚህ።»

«የገቡት በዚያኛው ነው፤ እኔ አይቼዎታለሁ።»

ዞረን ብንሄድ ጫማዬ ብቻውን ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር ከወሎየው ጫማ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ፤ ማንም ሊሳሳት ይችላል። ሰውዬው «ግድ የለም» ብሎ ጠበል በኮዳው አካፈለኝ። እማሆይ ግን ፈገግ ብለው «ሳያዩ አይፍረዱ እንጂ» አሉኝ። ማን እንደ ሆንሁ ስላላወቁ ነው።

ሦስተኛው ቀን። የተገኘ ልጅ ራሔል በመኪና መጣችና ወደ ሰፈራቸው ወደ ቃታሞኒም ወሰደችኝ። ራሔል ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ እዚያው መናፈሻ ውስጥ ተማሪዎችን እያስጎበኘች ትተዳደራለች። አማርኛዋ የተቆራረጠ ነው፤ «ሳባ» ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። እኔንም ያለ ሐፍረት «አንተ» ትለኛለች። ሰፈሩ እርስ በርሱ የተደጋገፈ የመንግሥት ፎቅ ነው። ተገኘ መጀመሪያ መቫሰረት ጽዮን ከአዲስ ገቢዎች ጋር ሰፍሮ ኖሮ፣ በኋላ ይህን ቤት አገኘ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃውን ሳላርፍ ወጣሁ፣ ሊቀበለኝ የወረደው ተገኘ ግን ሁለት ጊዜ ቆሟል።

ሸምግሏል። ጨብጦኝ ሳይለቀኝ ቆየ። «አንተ ፈንታ፣ አሁንም ገመድ ይዘህ ትዞራለህ?» አለ።

«አንተስ እንደ ልጅነትህ አሁንም በሰው ትስቃለህ?»

ሚስቱ እቴነሽ ቤቱን ገለባብጣ እያጸዳች ነበር። ፋሲካቸው ሊገባ ነው፤ እርሾ የነካው፣ ከእህል የተሠራ ፍርፋሪ እንኳ ከቤት መውጣት አለበት። በእኛ አገር ሳሉ በዚህ ሰሞን አሮጌ ድስት ሰብረው አዲስ ይሠሩ ነበር። እቴነሽ ያንን አስታውሳ ለእኔ አዲስ ድስት ገዝታ ሽሮና ድንች በዘይት ሠራችልኝ፤ ጾሜን ታውቃለች። «አያ ፈንታ፣ ይህን ድስት ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ እዩት፣ ወረቀቱ እንኳ አልተነሣለትም» አለች። አየሁት። ወረቀቱ አለ። የመጨረሻው እንጀራ ስለ ሆነ ጥርግ አድርገን በላን፤ «ጨርሱ፣ ከነገ ወዲያ እንጀራ የለም» ትላለች። በእኛ ዘንድ እንግዳን አስተርፍ ይሉታል እንጂ ጨርስ አይሉትም።

ማታ ወደ ሻንጣዬ ስመለስ በሶው የለም። እቴነሽን ልጠይቃት አልሁና ተውሁት፤ ጠይቄ ብትክድ ምን ልል ነው? ለፋሲካ ብለው ጥለውት ከሆነ ግን ስንቄን ጣሉ ማለት ነው። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት፦ «በሶ፣ ጠፋ፣ ተጠርጣሪ የቤቱ ሰዎች።»

አራተኛው ቀን። ወደ ሚዳቋ ሸለቆ ወረድን፤ ከፎቁ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሩ ላይ ማንም ምንም አልጠየቀንም። «ነጻ ነው» አለችኝ ራሔል። መግቢያው ነጻ የሆነ ነገር መውጫው ላይ ነው የሚይዘው ብዬ ተዘጋጀሁ። አጥር አለ። ያልሁት ደረሰ ብዬ «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» አልኋት።

«አጥሩ ለሰው አይደለም፣ ሳባ። ለውሻ ነው። ውሻ ገብቶ ሚዳቋ ይበላ ነበር።»

ሸለቆው ሰፊ ነው። ዙሪያውን መኪና የሚጮህበት ጎዳና ከቦታል፤ መካከሉ ሣር፣ የክረምቱን ጎርፍ የሚያጠራቅሙ ኩሬዎች፣ ሸምበቆ፣ በእንጨት የተሠራ የወፍ ማያ ጎጆ። የወፍ ማያው ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ወፏን ሳታስደነግጥ ትሰልላለህ። አንዲት ሽመላ መሰል ወፍ አየሁ፤ የእኛዎቹ ይረዝማሉ። ሚዳቋ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ የለም።

«ሚዳቋ የሌለበት የሚዳቋ ሸለቆ» አልሁ።

ተገኘ «ዝም ካልህ ይመጣሉ» አለ።

«እኔ መቼ ተናገርሁ?»

«ከገባን ጀምሮ።»

ዝም አልሁ። አምስት ሆነው ከወይራው ሥር ወጡ። ፍየል የሚያክሉ፣ ጭራቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ነጭ። አንዷ ቀና ብላ አየችኝና ሣሯን ቀጠለች። እንቆይ ሜዳ ላይ ድኩላ እንዲህ አጠገቤ ቆማ አታውቅም።

የቦታውን ታሪክ ራሔልን ጠየቅኋት። ድሮ መሬቱን ከመንግሥት የተመሩ ገበሬዎች ፕሪምና ኮክ ያለሙበት ነበር። ከተማው ሲያድግ ሸለቆውን ዙሪያውን ዘጋው፤ ሚዳቋዎቹም መሐል ቀሩ። ቀጥሎ ፎቅ ይሠራበት ተባለ።

«ማን ከለከለ?»

«ጎረቤት» አለች ራሔል፣ በእጇ ወደ ፎቆቹ እያሳየች። «ብዙ ዓመት። ወረቀት፣ ስብሰባ፣ ፍርድ ቤት።»

«ሰው በከንቱ ለሚዳቋ ይሟገታል? ምን ሊያገኙ ነው?»

«እኔም ፈርሜያለሁ» አለ ተገኘ።

«አንተ ምን አገኘህ?»

«መስኮት።» አራተኛውን ፎቅ በጣቱ አሳየኝ። «ጠዋት ስነሣ በዚያ መስኮት አያለሁ፤ ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ የቀረ ነገር ማየት ትወዳለህ ስትሸመግል።»

መልሱ ደስ አላለኝም፤ ሌላ ነገር ያለበት መልስ ነበር። ገመዴን አውጥቼ አንዱን ጫፍ ለራሔል አስያዝሁና የመንገዱን ስፋት፣ የኩሬውን ዳር፣ ከአጥር እስከ አጥር ለካሁ። ሰዎች ቆመው አዩኝ፤ አንዱ ፎቶ አነሣኝ። የመንግሥት መሐንዲስ መስያቸው ይሆናል።

ከቁልቁለቱ አንድ ነገር ዐይኔን ያዘው። ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ እንደ ሽንኩርት ከሥሩ የሚያብጥ ተክል በአንድ መስመር ተሰልፏል። ተንበርክኬ በአንድ ዐይኔ አነጣጠርሁ። ቀጥ ያለ ነው። እግዚአብሔር እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይዘራም።

«ይህ ወሰን ነው» አልሁ።

ራሔል አፏን ያዘች። «ረጋ፣ ረጋ!» አለች፤ በእነሱ ቋንቋ ቆይ ማለቷ ነው። «ማን ነገረህ? ኸጻብ ይባላል። ድሮ ገበሬ በሁለት ማሳ መካከል ይተክለው ነበር። ሥሩ ጥልቅ ነው፤ ቢቆርጡት ይመለሳል። እኔ ለተማሪ ሳሳይ ማንም ሳልነግረው አያውቅም።»

«ድንጋይ ቢገፉት ይሄዳል። ይህ አይሄድም» አልኋት። እውነትም ጥሩ ዘዴ ነው። ሁለት ማሳ ነበሩ፤ ዛሬ ባለቤቶቹ የሉም፣ ሁለቱም አንድ መናፈሻ ሆነዋል፤ ወሰኑ ግን እንደ ቆመ አለ፤ የሚጎዳውም ሰው የለም።

ዞር ስል ተገኘ ከመስመሩ ጫፍ ጎንበስ ብሎ ትልቅ ድንጋይ ያነሣል። አንድ ሁለት እርምጃ ወስዶ አስቀመጠው። ደሜ ፈላ። «ድንበር ገፊ!» ብዬ ጮህሁ፤ ሚዳቋዎቹ ሁሉ ሮጡ። ተገኘ ቀና አለ። ራሔል ሮጣ መጥታ፣ ዝናብ ያፈረሰውን የእርከን ግንብ አባቷ በየሳምንቱ በበጎ ፈቃድ እየመጣ መልሶ እንደሚክብ አስረዳችኝ። ድንጋዩ ከዚያው ግንብ የወደቀ ነው።

ተገኘ ድንጋዩን ከግንቡ ላይ አስተካክሎ ቀድሞን ወደ ቤት ወጣ።

አምስተኛው ቀን። ከቁርስ በኋላ ሰገነቱ ላይ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ሸለቆው ከታችን ነው።

«ፈንታ» አለ። «ትናንት ለእኔ ያልኸውን ቃል፣ ያን ጊዜ ለአባቴ ነው ያልኸው።»

ያሰብሁት መጣ አልሁ በልቤ። ለዚህ ነው የጠራኝ።

«ያን ጊዜ ከድንጋዩ ሥር ቆፍረህ ነበር?»

«ድንጋዩ ግልጽ ነበር።»

«ቆፍረህ ነበር ወይ ነው ያልሁህ።»

«ሰባት ሰው መሰከረ።»

«ከእኛ ወገን ስንቱ መሰከረ?»

ማንም። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ እየተባሉ ቃላቸው የማይመዘንበት ጊዜ ነበር። እኔም ወጣት ነበርሁ፤ ሽማግሌዎቹ ከበው ያዩኛል። ሽማግሌ አስቆፈረ ማለት ተጠራጠረ ማለት ነው፤ በዚያ ቀን የሚጠራጠር መምሰል አልፈለግሁም። በዕድሜዬ ሁሉ ሰውን ስጠራጠር ኖሬ ያን ቀን ብቻ አልጠረጠርሁም።

«አልቆፈርሁም» አልሁ።

ተገኘ ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ መስሎኝ ጠበቅሁ። «አባቴ 'ልጁ አልቆፈረም' እያለ ሞተ» አለ። «የቀበርነውም እዚያው፣ ከአያቶቼ ጎን ነው። ከድንጋዩ ወዲያ፣ ዛሬ ሜዳው ውስጥ።»

«መሬቱን ትፈልጋለህ?»

ሳቀ። ሰገነቱ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ መታ መታ አደረገ። «መሬቴ ይኸውልህ። ምን አደርገዋለሁ? ቤት ከተሠራበት ግን መሠረት ሲቆፍሩ መቃብሩን ያገኙታል። መናፈሻ ከሆነ ሰው በላዩ ያልፋል እንጂ አይቆፍረውም። ይህን ልጠይቅህ ነው የጠራሁህ። በስልክ ብነግርህ እንቢ ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ። አይተህ እንደ ሆነ ግን…»

ስለዚህ ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር፤ የሚፈልገው ነገር ነበረው። እኔ የገመትሁት ግን ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። እቴነሽ ሻይ ይዛ ገባችና የሁለታችንንም ፊት አይታ አስቀምጣልን ወጣች።

ስድስተኛው ቀን። ራሔል መኪናውን አስነሥታ፣ ተገኘም ቁልቁል ወርዶ ሸኘኝ። ስሞኝ «ገመድህን አትርሳ» ብቻ አለ። በኢትዮጵያ ጎዳና በኩል አልፈን እማሆይን ተሰናበትሁ። እማሆይ ከክፍላቸው አንድ ከረጢት ይዘው ወጡ። በሶዬ ነው፤ ሦስቱም ቋጠሮ እንዳለ ነው።

«የተገኘ ሚስት ከዚህ በሄዱበት ቀን በልጅቷ እጅ ልካው ነው» አሉ። «ለፋሲካቸው ከቤት መውጣት ስላለበት፣ 'የእንግዳ ስንቅ አይጣልም፣ እርስዎ ዘንድ ይቆይልኝ' ብላ። አልነገረችዎትም?»

አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁትን መስመር እዚያው ቆሜ ሰረዝሁት።

በዚህ ጉዞና አገሬ ከገባሁ በኋላ ያደረግኋቸው እነዚህ ናቸው፦

ኢየሩሳሌምን ተሳልሜአለሁ፤ በቀበሌያችን ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ብቻ ተሳልሟል፣ ሁለቱም ሚዳቋውን አላዩም።

የሰው አገር መናፈሻ በራሴ ገመድ ለክቼ ተመልሻለሁ። መውጫው ላይም ማንም አልያዘኝም።

የእቴነሽን አዲስ ድስት ከነወረቀቱ ለሚስቴ አምጥቻለሁ፤ «እንጀራ ስለ ቀረበበት ለፋሲካ በቤታችን አይቀርም፣ ይውሰዱት» ብላ ሰጥታኝ ነው።

በኒቆዲሞስ እሑድ ተነሥቼ፣ እንቆይ ሜዳ አንድ ሆኖ ይቆይ፣ አጥሩ ለውሻና ለፍየል ይሁን፣ ቁልፍ የሚባል ነገር አይኑር፣ ጎረቤቱ ራሱ ይጠብቀው ብያለሁ። ቤት የሚሉት አጉረመረሙ። ድምፅ ሲሰጥ ግን በለጥን።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁለት ሰው ይዤ ከምንጩ አጠገብ ወርጄአለሁ። ከወሰኑ ድንጋይ ሥር አስቆፈርሁ፤ አፈር ብቻ ነው። ወደ ሜዳው አሥራ አንድ እርምጃ ሄጄ አስቆፈርሁ። ከሰሉ እዚያ አለ፤ ከላዩ የሸክላ ገል፣ የተገኘ አያቶች እጅ ያለበት። የአባቱም መቃብር የአያቶቹም ከከሰሉ ወዲህ፣ በራሳቸው መሬት ላይ ናቸው። ከሰሉን መልሼ ቀበርሁት፣ ድንጋዩንም አስነሥቼ በላዩ ተከልሁ። ገሉን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ከከሰሉ ጋር ተውሁ፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ ለትንሣኤ ለሚሄዱት ተሳላሚዎች ለተገኘ እንዲያደርሱ ሰጠሁ። ከወረቀቱ ላይ «ቆፍሬአለሁ» ብዬ ጻፍሁ።

በስብሰባውም ይህን በሰው ፊት ተናግሬአለሁ። እኔ የፈረድሁት ወሰን ፈርሶ አያውቅም ብዬ ነበር። አሁን አንድ ፈርሷል፤ ያፈረስሁትም እኔው ነኝ።